የሆሚ እጀታ ሲወዛወዝ እንዲህ አጠበቅኩት

ሆሚ የኮሪያ ገበሬዎች ቁጢጥ ብለው የሚያርሙባት አጭር የእጅ መኮትኮቻ ናት። በዮንግጁ ከተማ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የሚቀጠቅጧትም አሉ፤ ብረቷ ጉድ ነው። የእኔዋ ግን እጀታዋ መወዛወዝ ጀመረ። ብዙ ሰው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋት ይላል፤ እንጨቱ አብጦ ለጊዜው ይይዛል፣ ሲደርቅ ግን ይብስበታል፣ ውስጥ ያለውን ብረትም ያዝገዋል። ስለዚህ እጀታውን አውልቄ፣ የብረቱን ጅራት (እጀታው ውስጥ የሚገባውን ጫፍ) በብርጭቆ ወረቀት ከዝገት አጽድቼ፣ ቀዳዳውን በደንብ አድርቄ፣ ኢፖክሲ የሚባለውን ጠንካራ ማጣበቂያ ሞልቼበት መልሼ ሰካኋት። እስከ ማግስቱ አልነካኋትም። የባህሉ አሠራር ጅራቱን አግሎ እንጨቱ ውስጥ መስካት ነው፤ ምድጃ ያለው እሱን ይሞክር፣ አፓርታማ ውስጥ ግን አይታሰብም። እንጨቱን የተልባ ዘይት ቀባሁት። አሁን ደረቅ አፈር ስፈለፍልባት እንኳ ንቅንቅ አትልም።