ውስጡ ውሃ የቀረበትን የፒፒአር ቱቦ ሲበይዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒፒአር ጫፉን በሙቀት አቅልጠው የሚያያይዙት የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች ጥገና የሚያዘው ብዙ ጊዜ ውሃ በጠፋበት ቀን ነው። የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ይጀምራል፤ ውሃ ጠፋ ማለት ቱቦው ደረቀ ማለት አይደለም። ከወለል ስር ዝቅ ብሎ ባለፈው መስመር ውሃ ተኝቶ ይቀራል፤ ሮቶውም ቁልቁል መልቀቁን አያቆምም። የቆጣሪውንም የሮቶውንም ቫልቭ ዝጉ። ከዚያ በግቢው ዝቅ ያለውን ቧንቧ ክፈቱ፤ ፎቅ ላይ ያለውን ሻወርም ክፈቱ። ከላይ አየር ካልገባ ውሃው በደንብ አይወርድም፤ ሁልጊዜ የሚረሳው ደግሞ ይኸው ነው።

«ትንሽ እርጥበት ምን ያደርጋል» ማለት ከሁሉም የከፋው ነው። የብየዳ ማሽኑ 260 ዲግሪ ይግላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቱቦው አፍ ላይ የቀረች ጠብታ መጀመሪያ ሙቀቱን ትወስዳለች፤ ስለዚህ ፕላስቲኩ እኩል አይቀልጥም። ቀጥሎ እንፋሎት ሆና መውጫ ስትፈልግ፣ በቀለጠው መሃል እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ትተዋለች። ከውጭ ግን ምንም አይታይም! ዙሪያውን የሚወጣው የቀለጠ ቀለበት ያማረ ስለሆነ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ውሃው ሌሊት በሙሉ ግፊት ሲመጣ፣ ምናልባትም ግድግዳው ተለስኖ ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ባለቤቱ በስንት ልፋት የለጠፈውን ሴራሚክ የሚያስሰብረው በጨርቅ ሊደርቅ የሚችል ጠብታ ነው። እባካችሁ የቱቦውን ጫፍና የፊቲንጉን (ቱቦው የሚገባበትን ማያያዣ) ውስጥ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ትንሽ ጠብቁና እንደገና እዩ። ዳግም ከረጠበ ውሃው ገና እየመጣ ነውና አትበይዱ።

እርጥበቱን ለማካካስ ማሽኑ ላይ ማቆየትም መፍትሔ አይሆንም። ከመጠን በላይ የቀለጠ ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተገፍቶ የቱቦውን ቀዳዳ ያጠባል። ለ20 ሚሊሜትር ቱቦ 5 ሰከንድ፣ ለ25 ሚሊሜትር 7፣ ለ32 ሚሊሜትር 8 ሰከንድ ይበቃል። የሚገባውን ርቀት አስቀድማችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ለ20 ሚሊሜትር 14 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስታስገቡ አታዙሩት። እስኪረጋ ሁለት ደቂቃ፣ ለ32 ሚሊሜትር አራት ደቂቃ ሳትነኩት ያዙት፤ ለማቀዝቀዝ ውሃ አታፍስሱበት።

ውሃውን ለመግታት ቱቦው ውስጥ ዳቦ የሚጠቀጥቁ አሉ። ዳቦው ይሟሟል፤ ፍርፋሪው ግን የቧንቧ ወንፊትና የሻወር ቀዳዳ ላይ ይሰበሰባል። ከተጠቀማችሁ እነዚህን ፈታችሁ እጠቡ።

የረጠበ እጅና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን አይገናኙ። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ማሽን ይዞ መግባት ለሕይወት አደጋ ነው።

ቫልቩ አርጅቶ ጨርሶ የማይዘጋ ከሆነስ? መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ይህ ካልተቻለ ብየዳውን ተዉትና በጎማ ቀለበትና በሚጠብቅ ክዳን የሚያዘውን ማያያዣ ግዙ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን እርጥብ ቱቦ ላይም ይይዛል።

ከመጨረሻው ብየዳ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁና፣ አየሩ እንዲወጣ አንድ ቧንቧ ክፍት ትታችሁ ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። በሮቶ ግፊት ብቻ አይታችሁ አትድፈኑት፤ የመንገዱ ውሃ በፈረቃው መጥቶ መገጣጠሚያው ሌሊቱን ሳያንጠባጥብ እስኪያድር ግድግዳው ክፍት ይቆይ።