ቤት ሲረበሽ ልጅ ከኬጂ እንዳይቀር

ድብድብ ያለበት ቤት ውስጥ የአራት የአምስት ዓመት ልጅ ከኬጂ የሚቀረው በአንድ ቀን አይደለም። እናት ፊቷ ሲያብጥ ሰው እንዳያያት ብላ ልጁን ሁለት ሦስት ቀን ቤት ታውለዋለች። ቀጥሎ አባት "ክፍያ አልከፍልም" ይላል። ከዚያ አንድ ሌሊት ልጇን አዝላ እህቷ ጋ ትሄዳለች፣ እህት ያለችው ደግሞ ሌላ ክፍለ ከተማ ነው፣ እዚያ ማን ያስመዝግበው? በቃ፣ ዓመቱ አለቀ። ባልሽ ይመታሻል? እንግዲህ ለመውጣት ብትወስኚም ባትወስኚም፣ የልጁን ትምህርት ከዛሬ ጀምረሽ ከባልሽ ጠባይ ነጥለሽ ያዢው።

መጀመሪያ ወረቀት። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ያንቺ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት ካለ እሱም፣ የትምህርት ቤቱ ደረሰኝና የውጤት ካርድ። ሰው ሲናደድ ቀድሞ የሚደብቀው ወይም የሚቀደው እነዚህን ነው። ኮፒ አድርገሽ የምታምኛት ሰው ጋ አስቀምጪ። በስልክ ብታነሺም ጥሩ ነው፣ ግን ስልክሽን የሚፈትሽ ከሆነ ፎቶውን ለእህትሽ ላኪና ከስልክሽም፣ ከላክሽበትም አጥፊው። የልደት ምስክር ወረቀት ጭራሽ ካላወጣሽ ወረዳ ሂጂ፣ የምዝገባ ሰሞን እስኪደርስ አትጠብቂ።

ሁለተኛው ከባዱ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው መንገር። ለሁሉም አይደለም፣ ለአንድ። ሚስ ጥሩ ሰው ከሆነች ለእሷ፣ ካልሆነ ለርዕሰ መምህሯ። ዝርዝሩን ማውራት አይጠበቅብሽም። "ቤት ውስጥ ሰላም የለም፣ ልጄ ከተለወጠባችሁ ለእኔ ብቻ ደውሉ" ይበቃል። በመገናኛ ደብተሩ ላይ ግን ምንም እንዳይጻፍ ንገሪያት፣ እሱን አባትም ያነበዋል። መምህሯ ይህን ካወቀች የልጁ ጠባይ ይገባታል። እንዲህ ዓይነት ልጅ አንዳንዴ ሱሪው ላይ ይሸናል፣ ዝም ይላል፣ ጓደኛውን ይማታል ወይም በሩ ላይ ካንቺ አልላቀቅም ይላል፤ ነገሩን ያላወቀች መምህር "ባለጌ ነው" ብላ ጥግ ታቆመዋለች።

ፊትሽ ባበጠ ማግስት ልጁን የሚያደርስ ሰው አስቀድመሽ አዘጋጂ። ልጇ እዚያው የሚማር ጎረቤት ብትሆን የተሻለ ነው። አርፍዶም ቢሆን ይሂድ። እንደ እኔ እንደ እኔ ያን ቀን ከሌላው ቀን ይበልጥ መሄድ አለበት፣ ምክንያቱም የዚህ ዕድሜ ልጅ ጠቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ ያስባል፣ ቤት ከዋለ ደግሞ ሲያብሰለስል ይውላል። "ያንተ ጥፋት አይደለም" በይው፣ ደጋግመሽ። ጠብ ሲነሳ መሃል እንዳይገባ፣ እነ እከሌ ቤት እንዲሮጥም አስተምሪው።

ክፍያ ላይ ከሆነ የሚያስፈራራሽ፣ የመንግሥት ቅድመ አንደኛ አለ። ክፍያ የለውም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ቁርስና ምሳ ይመገባሉ። አንዳንዱ ሰው "የመንግሥት ነው" ብሎ አፍንጫውን ይነፋል፣ ተይው። በየቀኑ የሚሄድበት የመንግሥት ኬጂ በየወሩ ከሚያቋርጠው የግል ይሻላል።

አሁን ስለ ሕግ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደሚያስቀጣ ይናገራል፣ "የቤት ጉዳይ ነው" ብሎ የሚመልስሽ ፖሊስ ቢያጋጥምሽ ይህን ጥቀሺለት። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ 991 ደውዪ። ልጁን ማን ከትምህርት ቤት ይውሰድ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፍርድ ቤት እስካልወሰነ ድረስ አባትም እኩል መብት አለው፣ ስለዚህ ዘበኛው "አትስጥ" ስላልሽው ብቻ ሊከለክለው አይችልም። ፍቺ ከጠየቅሽ ችሎቱ ጉዳዩ እስኪያልቅ ልጁ ማን ጋ እንደሚቆይና ቀለቡን ማን እንደሚሰጥ ትዕዛዝ እንዲሰጥ አብረሽ አመልክቺ። ትዕዛዙ ሲወጣ ኮፒውን ለርዕሰ መምህሯ ስጪ። ለጠበቃ ገንዘብ ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ማደሪያ ካጣሽ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እናትን ከነልጆቿ የሚያስጠልልባቸው ቤቶች አሉት። የወረዳሽ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትም ሊመራሽ ይችላል።

ሽማግሌ ከተቀመጠ ደግሞ (መቼም ይቀመጣል) "ታረቁ፣ ለልጆቻችሁ ስትሉ" ሲባል ዝም አትበዪ። ለልጆቹ ከሆነ የትምህርት ቤት ክፍያውን ማን፣ በወሩ በስንት ቀን እንደሚከፍል ይናገርና ይጻፍ በያቸው። ዕርቁን ብትቀበዪም ባትቀበዪም ይህቺ ወረቀት ትጠቅምሻለች። መማታቱን ግን ሽማግሌ ይፈታዋል ብለሽ ፖሊስ ጋ ከመሄድ አትቅሪ።

ቤቱን ለቀሽ ከወጣሽ፣ በዓመቱ መሃልም ቢሆን ከአዲሱ ቤትሽ የሚቀርበው ትምህርት ቤት ሄደሽ ጠይቂ። የድሮው ትምህርት ቤት ውዝፍ ክፍያ አለብሽ ብሎ መልቀቂያ ከከለከለሽ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት አናግሪ። አዲሱ ትምህርት ቤት የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ካለው የልጅሽን ፎቶ እንዳይለጥፉ ንገሪያቸው፣ ዩኒፎርሙ ብቻ የት እንዳላችሁ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሩ ላይ ማልቀሱ አይቀርም። ተደብቀሽ አትጥፊበት። "ምሳ በልታችሁ ስትጨርሱ እመጣለሁ" በይው፣ ከዚያ ባልሽው ሰዓት ድረሺ።