ሦስት ሰርቨር፣ አንድ ዲስክ፦ መጀመሪያ አጥሩ

መጀመሪያ የተከልኩት ክላስተር (እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ የሰርቨሮች ስብስብ) ሁለት ሰርቨርና አንድ የጋራ ስቶሬጅ ነበር። ዲስኩን በአይስካዚ፣ ማለትም ዲስክን በኔትወርክ በኩል በሚያቀርብ ዘዴ፣ ለሁለቱም አሳየሁ። በአንዱ ላይ ኤክስት4 በሚባለው ፋይል ሲስተም (ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅ ሥርዓት) ፎርማት አደረግኩትና በሁለቱም ላይ ማውንት አደረግኩት፤ ማለትም ለሥራ ከፈትኩት። አንዱ ላይ ፋይል ፈጠርኩ፤ ሌላው ላይ አይታይም። "ትንሽ ቆይቶ ይመጣል" ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ጠዋት ግማሹ ፎልደር ሲከፈት ስህተት ያወጣል። ጥገናውን ሳስኬደው የተረፉት ፋይሎች ስማቸው ጠፍቶ፣ ቁጥር ብቻ ሆነው ተከመሩ። የመጨረሻው ባክአፕ የሦስት ቀን ዕድሜ ነበረው። የሦስት ቀን የሰው ልፋት በእኔ እጅ ጠፋ።

ኤክስት4ም ሆነ ኤክስኤፍኤስ የተሠሩት ዲስኩን የሚጠቀም አንድ ማሽን ብቻ እንዳለ ታስቦ ነው። የቱ ቦታ ባዶ እንደሆነ እያንዳንዱ ሰርቨር በራሱ ሚሞሪ ይይዛል። ሁለቱ አይጠያየቁም። አንዱ የጻፈበትን ቦታ ሌላው ባዶ መስሎት ይጽፍበታል። ስቶሬጁ ደግሞ አይከለክልም፤ የታዘዘውን ይጽፋል። ስለዚህ ኬብል ከመሰካታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ በዚህ ዲስክ ላይ መቼ፣ ማን ይጽፋል? መልሱን የሚያስከብረው አጥር ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

የምትፈልጉት ሁሉም ሰርቨሮች ተመሳሳይ ፋይሎችን እንዲያዩ ብቻ ከሆነ ኤንኤፍኤስ (ፋይሎችን በኔትወርክ የማጋሪያ ዘዴ) ይበቃችኋል። ፋይል ሲስተሙን የሚያስተዳድረው ስቶሬጁ ራሱ ስለሆነ ብዙዎች አብረው ማውንት ቢያደርጉት ችግር የለም። ማውንቱን ግን "ሃርድ" አድርጉት፤ ስቶሬጁ እስኪመልስ ይጠብቃል። "ሶፍት" ከሆነ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ፕሮግራሙ ስህተት ይደርሰውና ዳታው ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል።

ለዳታቤዝ ብሎክ ስቶሬጅ (እንደ አይስካዚ ፋይል ሳይሆን ባዶ ዲስክ የሚሰጥ) ከመረጣችሁ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ዲስኩ በአንድ ጊዜ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ማውንት ይሆናል፤ ያ ሰርቨር ሲወድቅ ክላስተሩ ወደ ሌላው ያዛውረዋል። ሁለተኛው፣ እንደ ጂኤፍኤስ2 ያለ የክላስተር ፋይል ሲስተም ነው፤ ሰርቨሮቹ እየተጠባበቁ አብረው ይጽፋሉ። የግድ ካልሆነባችሁ በቀር የመጀመሪያውን ያዙ። ሁለተኛው ላይ ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ሲጽፉ በመጠባበቅ ብቻ ፍጥነቱ ይሞታል። ከዚህ በታች ያለው ስለ መጀመሪያው መንገድ ነው።

የስቶሬጁን ኔትወርክ ከሌላው ትራፊክ ለዩት። ሁለት ስዊች፣ በየሰርቨሩ ለስቶሬጅ ብቻ የተመደቡ ሁለት ፖርቶች፣ ለየፖርቱ የተለያየ ሰብኔት (የአድራሻ ክልል)። ሁለቱን ፖርት አንድ ላይ ማሰር አያስፈልግም፤ ያንን ሥራ ወደ አንድ ዲስክ የሚወስዱ መንገዶችን ለሚያስተዳድረው ለማልቲፓዝ ተዉለት።

ጃምቦ ፍሬም፣ ማለትም ከተለመደው 1500 ባይት የሚበልጥ የኔትወርክ ጥቅል፣ የምትጠቀሙ ከሆነ 9000 የሚለው ቁጥር ሰርቨሩ ላይ፣ ስዊቹ ላይና ስቶሬጁ ላይ መግባት አለበት። አንዷ የስዊች ፖርት 1500 ላይ ከቀረች የሚሆነው ግራ ያጋባል። ሎግኢን ይሠራል፣ ዲስኩ ይታያል፣ ትንሽ ፋይልም ይጻፋል። ትልቅ ፋይል ሲጀመር ግን ድርቅ ይላል። በዚህ አንድ ሙሉ ሌሊት ሄዶብኛል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ 8972 ባይት ፒንግ ላኩ፣ እንዳይቆራረጥ የሚለውን ምርጫ ጨምራችሁ። ቀሪው 28 ባይት የሄደሮቹ ነው። ካላለፈ የጎደለ ቦታ አለ ማለት ነው።

ስቶሬጁ ላይ ዲስኩን ስትፈጥሩ በአይኪውኤን (በአይስካዚ ላይ ሰርቨሩ የሚታወቅበት ስም) የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ብቻ እንዲያዩት አድርጉ። ሰርቨሮቹን ከአንድ ኢሜጅ ካባዛችኋቸው አይኪውኤናቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ያኔ ስቶሬጁ ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራቸውና ግንኙነቱ እየተገፋፋ ይቋረጣል። በየሰርቨሩ ቀይሩት።

በሁለት መንገድ ስለምትደርሱበት ያው አንድ ዲስክ ሁለት ሆኖ ይታያል። ማልቲፓዝ በመታወቂያ ቁጥሩ አንድ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የምትጠቀሙት ማልቲፓዝ የሰጠውን ስም ብቻ ነው። ሊኑክስ ለዲስኮች የሚሰጣቸው ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ የሚሉት ስሞች ሪስታርት ሲደረግ ሊቀያየሩ ይችላሉ፤ አትመኑባቸው። ሊኑክስ ላይ የተቋረጠ የአይስካዚ መንገድ እስኪመለስ ነባሪው የመጠበቂያ ጊዜ 120 ሰከንድ ነው። ሁለተኛ መንገድ እያለ ሁለት ደቂቃ መቆም የለባችሁም። እኔ 5 ሰከንድ አደርገዋለሁ።

ክላስተሩን በኮሮሲንክና በፔስሜከር ስሩት፤ የመጀመሪያው ሰርቨሮቹን ያገናኛል፣ ሁለተኛው የትኛው ሥራ የት እንደሚሠራ ይወስናል። የሁሉም ሰዓት አንድ ይሁን፣ አለበለዚያ ሎግ ማነጻጸር አይቻልም። ሰርቨሮቹ "አለህ? አለሁ" የሚባባሉበት መስመር ሁለት ይሁን፤ ነባሪው ፖርት ዩዲፒ 5405 ነው። ሦስት ሰርቨር የምመርጠው ለድምፅ ብልጫ ነው፦ ከሦስቱ ሁለቱ ከተያዩ ሥራው ይቀጥላል፣ ብቻውን የቀረው ያቆማል። ሁለት ሰርቨር ብቻ ካላችሁ ሌላ ትንሽ ማሽን ላይ ኪውዲቫይስ አስቀምጡና ሦስተኛ ድምፅ ይስጣችሁ።

አሁን ወደ አጥሩ። በሙያው ቋንቋ ፌንሲንግ ይሉታል፤ ፔስሜከር ውስጥ ስሙ ስቶኒዝ ነው። አንድ ሰርቨር ዝም ሲል ሞቷል ማለት አይደለም። ለ40 ሰከንድ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ሌላው ዲስኩን ተረክቦ መጻፍ ሲጀምር ያኛው ይነቃል፣ የጀመረውንም ጽሕፈት ይጨርሳል። እንግዲህ የእኔ የመጀመሪያው ቀን ታሪክ ተደገመ ማለት ነው። ፌንሲንግ የዝምተኛውን ኃይል ያጠፋና መጥፋቱን ያረጋግጣል። ርክክቡ ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ መመሪያዎች "ለጊዜው ስቶኒዝን አጥፉት" ይላሉ። እባካችሁ አታጥፉት። ያ "ለጊዜው" ሥራ እስኪጀመርና ከዚያም በኋላ ይቆያል።

ፌንሲንጉን በአይፒኤምአይ (ሰርቨሩ ውስጥ ያለ፣ ከርቀት ማጥፊያና ማብሪያ) ብታደርጉት ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። የሰርቨሩ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ አይፒኤምአዩም አብሮ ይጠፋል። ክላስተሩ "ጠፍቷል" የሚል ማረጋገጫ ስለማያገኝ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃ ጨምሩ፦ ከርቀት የሚታዘዝ የኃይል ማከፋፈያ፣ ወይም ስቶሬጁ የሚደግፈው ከሆነ ስካዚ 3 ሪዘርቬሽን። ይሄኛው ኃይል አያጠፋም፤ ዝምተኛውን ከዲስኩ ላይ ያግደዋል።

ቀሪው አጭር ነው። ፔስሜከር ላይ በአንድ ግሩፕ ውስጥ በቅደም ተከተል አስገቡ፦ ኤልቪኤም (ዲስኩን የሚከፋፍለው)፣ ፋይል ሲስተም፣ ተንቀሳቃሽ አይፒ (ሥራው ወደሄደበት ሰርቨር አብሮ የሚሄድ አድራሻ)፣ በመጨረሻ ዳታቤዙ። ዲስኩን ኤፍስታብ (ሰርቨሩ ሲነሳ ማውንት የሚያደርጋቸው ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ አትጻፉት። ማውንት የሚያደርገው ፔስሜከር ብቻ ነው።

ባክአፑም ሌላ ቦታ ይቀመጥ። በዚያው ስቶሬጅ ላይ ያለ ስናፕሾት (የዲስኩ የአንድ ቅጽበት ቅጂ) ስቶሬጁ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ተጠቃሚ ከመግባቱ በፊት ሰብሩት። በጋራው ዲስክ ላይ በየሰከንዱ ሰዓቱንና የሰርቨሩን ስም ወደ አንድ ፋይል የሚጽፍ ትንሽ ስክሪፕት ግሩፑ ውስጥ ጨምሩ። ከዚያ ገባሪው ሰርቨር ላይ አንድ የስቶሬጅ ኬብል ንቀሉ። ፋይሉ ላይ የጥቂት ሰከንድ ክፍተት ልታዩ ትችላላችሁ፣ ሰርቨሩ ግን አይቀየርም። መልሱት። ቀጥሎ ሁለቱንም የክላስተር መስመሮች ንቀሉና የሌላውን ሰርቨር ሎግ ተከታተሉ። በመጀመሪያ "ፌንሲንግ ተሳካ" የሚለው፣ ከእሱ በኋላ ማውንቱ መምጣት አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወደ አጥሩ ተመለሱ። እኔ በቅርቡ በተከልኩት ላይ ፋይሉን ስከፍት በ10:42:07 እና በ10:42:45 መካከል ምንም የለም። ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ሁሉ የአዲሱ ሰርቨር ነው፤ ከአሮጌው አንዲትም አልገባችም።