ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ስትዞሩ

ባሕር ዳር ላላችሁ፦ ከሰል ትታችሁ ወደ ኤሌክትሪክ ልትገቡ ካሰባችሁ ሁሉንም በአንዴ አትቀይሩ። መጀመሪያ ወጡንና ሻዩን አዙሩ። ምጣዱ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ብዙዎቹ ከ3 ኪሎዋት በላይ ናቸው። እሱ እየሠራ ምድጃውን አትሰኩ። እንጀራውን አከታትላችሁ ጋግሩ። የመጨረሻውን ስታሰፉ አጥፉት፤ የምጣዱ ግለት ያበስለዋል።

ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ የሚዘገየው አንድም ለዚህ ነው። ማታውኑ ዘፍዝፉት፤ ስትቀቅሉም ክደኑት። ቆጣሪው ላይ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

መብራት ለሚጠፋበት ቀን ትንሽ ከሰል ብታስቀምጡ አልፈርድባችሁም። ግን እባካችሁ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ የተቀጣጠለ ከሰል ቤት አስገብታችሁ በርና መስኮት አትዝጉ። ከከሰሉ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም።