የመጀመሪያውን የሳይበር ደህንነት ሥራ የሚያስቀሩ ስህተቶች

ጀማሪ የሚቀጠርበት ወንበር አብዛኛውን ጊዜ የሶክ (የደህንነት ክትትል ማዕከል) አናሊስት ነው። ባንክ፣ ቴሌኮም ወይም የመንግሥት ተቋም ውስጥ በፈረቃ ተቀምጦ የሚመጡትን አለርቶች (የማስጠንቀቂያ መልእክቶች) ማየት፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት፣ ያዩትን ጽፎ ለሚቀጥለው ሰው ማስተላለፍ ነው ሥራው። ሰብሮ መግባት የሚባል ነገር እዚህ የለም። አመልካቹ ግን ሲዘጋጅ የሚከርመው ለሌላ ሥራ ነው፤ ከታች ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶችም ከዚህ ይመነጫሉ።

ከካሊ መጀመር

ካሊ ሊኑክስን (የሰርጎ መግባት መሣሪያዎች ተጭነውበት የሚመጣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ጭኖ ወራት ያሳለፈ፣ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው ሥርዓት) ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ ግን የሚንተባተብ አመልካች ሞልቷል። ኢንተርቪው ላይ ከሚዘወተሩት ጥያቄዎች አንዱ «ብሮውዘር ላይ አድራሻ ጽፈው ኢንተር ሲጫኑ ገጹ እስኪከፈት ድረስ ምን ምን ይከናወናል?» የሚለው ነው። ዋየርሻርክን (የኔትወርክ ትራፊክ ማሳያ ፕሮግራም) ከፍተው አንድ ገጽ ይጎብኙና ቅደም ተከተሉን በዓይንዎ ይዩት፦ የዲኤንኤስ ጥያቄና መልስ፣ ግንኙነቱን የሚከፍቱት የቲሲፒ ሦስት ልውውጦች፣ ከዚያ ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ቲኤልኤስ። ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው የሚጨርሱት ሥራ ነው። ፖርት 22፣ 53፣ 443፣ 445 እና 3389 የምን እንደሆኑም ሳያስቡ መመለስ አለብዎት።

ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም መነካካት

«ክፍተት አግኝቼ ባሳያቸው ይቀጥሩኛል» የሚለው ሐሳብ አደገኛ ነው። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት ብቻውን ወንጀል ነው፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ሊያስከትል ይችላል። ሥርዓቱ የድርጅት ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። አዋጁ በጎ ዓላማ ነበረኝ ለሚል ሰው በር አይከፍትም። ባንኩም ክፍተቱን የነገረውን ሰው የሚያየው እንደ አመልካች ሳይሆን እንደ ተጠርጣሪ ነው። መለማመድ ከፈለጉ ጁስ ሾፕን የመሰሉ ሆን ተብለው ክፍተት የተተወባቸውን ሶፍትዌሮች በራስዎ ማሽን ላይ ይጫኑ። እውነተኛ ዒላማ ካማረዎትም የባግ ባውንቲ (ክፍተት ላገኘ ሽልማት የሚሰጥ) ፕሮግራም ያላቸውን ድርጅቶች ብቻ ይምረጡ፤ ያንንም በጽሑፍ ከፈቀዱት ወሰን ሳይወጡ።

ሰርተፊኬት መሰብሰብ

አንድ ይበቃል። የጀማሪዎች ሰርተፊኬት የሆነው ሴኩሪቲ ፕላስ በ90 ደቂቃ ውስጥ እስከ 90 ጥያቄ ያቀርባል፤ ማለፊያው ከ900 ላይ 750 ነው፤ ጀማሪን አይጎዳም። የከፍተኛ ባለሙያዎች ሰርተፊኬት የሆነው ሲአይኤስኤስፒ ግን የ5 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ፈተናውን ያለ ልምድ ቢያልፉም የሚሰጥዎት የተባባሪነት ስም እንጂ ሰርተፊኬቱ አይደለም።

ሲቪ ላይ የመሣሪያ ስም መደርደር

«ዋየርሻርክ፣ ስፕላንክ፣ ኤንማፕ፣ በርፕ...» የሚል ዝርዝር የሁሉም ሲቪ ላይ ስላለ ማንንም ከማንም አይለይም። የሚለየው አንድ የተሠራ ነገር ነው። ለምሳሌ ይህን ይሞክሩ፦ በቨርቹዋል ቦክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያስመስል ፕሮግራም) ዊንዶውስና ካሊን ወደ ውጭ በማይወጣ የውስጥ ኔትወርክ ያገናኙ። ዊንዶውሱ ፕሮ ወይም ኢንተርፕራይዝ ይሁን፤ ሆም የሚባለው የሪሞት ዴስክቶፕ (ኮምፒውተርን ከርቀት የመቆጣጠሪያ) ግንኙነት አይቀበልም። ከካሊ በሪሞት ዴስክቶፕ በኩል ተደጋጋሚ የይለፍ ቃል ሙከራ ያድርጉና ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ማሳያ) ውስጥ የክስተት ቁጥር 4625ን፣ ያልተሳካ መግቢያን፣ ይፈልጉ። ከዚያ 4624፣ የተሳካ መግቢያ፣ ከመጣ አጥቂው ገብቷል ማለት ነው።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር ያደናግራል። አንደኛ፣ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ 11 (ከ22ኤች2 ወዲህ ያለው) ከ10 የተሳሳተ ሙከራ በኋላ አካውንቱን ለ10 ደቂቃ ስለሚቆልፍ 4624 ላይመጣ ይችላል፤ 4740ን፣ የአካውንት መቆለፍን፣ ይፈልጉ። ሁለተኛ፣ ሙከራው በሪሞት ዴስክቶፕ ሆኖ ሳለ ያልተሳካው መግቢያ ዓይነት 10 (የሪሞት ዴስክቶፕ) ሳይሆን 3 (የኔትወርክ) ሆኖ ይመዘገባል። ዊንዶውስ ማንነትን የሚያጣራው መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት በኔትወርክ በኩል ስለሆነ ነው። ይህን ኢንተርቪው ላይ በራሱ አፍ የሚያስረዳ ጀማሪ ጥቂት ነው።

ያገኙትን በአንድ ገጽ ይጻፉ፦ ምን ታየ፣ ከየትኛው አይፒ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ይደረግ። ሰዓት ላይ ይጠንቀቁ። ኢቨንት ቪወር የሚያሳየው የአካባቢውን ሰዓት ሲሆን ከሥሩ ያለው ኤክስኤምኤል (የመዝገቡ ጥሬ ጽሑፍ) ግን በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው፤ ለአዲስ አበባ የ3 ሰዓት ልዩነት አለው። በዚህ ላይ ሪፖርቱ ውስጥ «ሌሊት 8፡14» ብለው ከጻፉ ሌላው ሰው ሎጉ (የክስተት መዝገቡ) ውስጥ የሚፈልገው 02፡14ን ነው ወይስ 20፡14ን? በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፉ፤ የሰዓት ቀጠናውንም አይርሱ።

ላፕቶፕዎ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ካለው እንደ ዋዙህ ያለ ሎግ ሰብሳቢ ሰርቨር አይጨምሩበት፤ ሎጉን በእጅ ማንበብ ይበቃል።

ያልሠሩትን ልምድ መጻፍ

ይህ በተለይ በዋሽንግተን ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላሉ ወገኖች ነው። እዚያ አንዳንድ አሠልጣኞች ከኮርሱ ጋር የ5 ዓመት ልምድ ያለው ሲቪ አዘጋጅተው ይሰጣሉ። አካባቢው ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ተቋራጮች መንደር ነው፤ ቀጣሪው የኋላ ታሪክ ያጣራል። የደህንነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ከሆነ በቅጹ ላይ ሆን ብሎ ሐሰት መጻፍ በራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። ይህን ፈቃድ በግል ማመልከት እንደማይቻል፣ ስፖንሰር የሚያደርገው ቀጣሪው እንደሆነና በመርሕ ደረጃ የአሜሪካ ዜግነት እንደሚጠይቅም ይወቁ። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ጊዜውን የባንክ፣ የሆስፒታልና የግል ኩባንያ ማስታወቂያ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

ሄልፕ ዴስክን መናቅ

የይለፍ ቃል ሲቀይር፣ አካውንት ሲከፍትና ሲዘጋ የዋለ ሰው የሶክ ግማሹን ያውቀዋል። ማስታወቂያው ከወጣ ያመልክቱ።

«ፎርማት አደርገዋለሁ» ማለት

ኢንተርቪው ላይ «አንድ ሠራተኛ አጠራጣሪ ሊንክ ተጭኖ የይለፍ ቃሉን አስገብቷል፤ ምን ያደርጋሉ?» ሲባሉ ብዙዎች ኮምፒውተሩን ፎርማት ለማድረግ ይቸኩላሉ። ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ማሽኑን ከኔትወርክ ይነጥሉ፤ አያጥፉት፤ ሚሞሪው ላይ ያለው ነገር ስለሚያስፈልግ። የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፤ ነገር ግን ቃሉ ቢቀየርም ቀድሞ የተከፈተው ሴሽን (የገባ ሰው ግንኙነት) ሊቀጥል ስለሚችል ክፍት ሴሽኖችን ሁሉ ይዝጉ። ኢሜይሉ ሌላ ለማን እንደደረሰ ፈልገው ከሁሉም ሳጥን ያስወጡ። ከዚያ የሠራተኛው ኢሜይል ላይ ደብዳቤዎችን በራሱ ወደ ሌላ አድራሻ የሚልክ አዲስ የማስተላለፊያ ሕግ ተቀምጦ እንደሆነ ይመልከቱ፤ አጥቂው ከተባረረ በኋላም ደብዳቤዎቹ በዚያ በኩል ሊደርሱት ይችላሉ።