በአሮጌ ሼቭሮሌት ፒክአፕ ላይ ዘመናዊ የፊት ሰስፔንሽንና ሞተር እንዴት እንደሚገጠም

በ1947 አጋማሽ ለገበያ ቀርቦ እስከ 1955 መጀመሪያ ድረስ የተመረተው ሼቭሮሌት 3100 ፒክአፕ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ክብ ፓራፋንጎዎቹና ሰፊ ኮፈኑ ዛሬም ዓይን የሚስቡ ናቸው፤ ከሥር ያለው አካሉ ግን የዚያ ዘመን የሥራ መኪና ነው። የፊት ጎማዎቹ በአንድ ወጥ አክስልና በባሌስትራ የተያዙ በመሆናቸው አንደኛው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላኛውም አብሮ ይናጣል። የአራቱም ጎማዎች ፍሬን የከበሮ ፍሬን ሲሆን፣ የፍሬን ዘይቱ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚሄድ አንድ ቱቦ ከፈነዳ መኪናው ፈጽሞ ፍሬን አልባ ይሆናል። ባለ 216 ኪዩቢክ ኢንች (3.5 ሊትር ገደማ) ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ በ1947 የሚያወጣው ጉልበት 90 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ በዛሬ አውራ ጎዳና ላይ በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለረጅም ሰዓት ለመጓዝ አልተሠራም።

በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው በአሜሪካ ጋራዦች በስፋት የተለመደውን ጥምረት ነው። ለፊት ሰስፔንሽኑ በፎርድ ሙስታንግ 2 (1974–1978) ንድፍ ላይ የተመሠረተው፣ በሁለት ብራቾ (ጎማውን ከፍና ዝቅ እያደረጉ የሚይዙ ክንዶች)፣ በሞላና በጥርስ ዘንግ መሪ የሚሠራው ስብስብ ይገጠማል። ለሞተሩ ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ ከ1999 እስከ 2007 በፒክአፖቹ ላይ የገጠመው 5.3 ሊትር ቪ8 ይውላል፤ ይህ ሞተር እንደየዓመቱ ከ270 እስከ 295 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፣ ካምቢዮውም ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ የሆነው 4ኤል60ኢ ነው። የ2003 እና ከዚያ ወዲህ የተመረተውን የፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ መኪና ሙሉ የፊት ሰስፔንሽን መግጠም የሚመርጡም አሉ። እርሱ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ስፋቱ ለዚህ መኪና ስለሚበዛ ጎማዎቹ ከፓራፋንጎው እንዳይወጡ ልዩ ቸርኬ ይጠይቃል።

ብዙ ሰዎች ሰስፔንሽኑን ጨርሰው በይደው፣ ቀለም ቀብተው፣ ከዚያ ሞተሩን ወደ ማስገባት ይሄዳሉ። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል የተሳሳተ ነው። የሞተሩ የዘይት ቋት፣ የመሪው ዘንግ፣ የጭስ ማውጫውና ራዲያተሩ ሁሉም የሚጣበቡት በዚያው በአዲሱ አግዳሚ ብረት (የሻንሲውን ሁለት ጎኖች በሚያገናኘውና ሰስፔንሽኑ በሚያርፍበት) ዙሪያ ስለሆነ፣ ሁሉም ነገር በቦታው ተቀምጦ እስኪታይ ድረስ አግዳሚው በነጥብ ብየዳ ብቻ ተይዞ መቆየት አለበት።

ከመፍታት በፊት

መጀመሪያ የሰነዱ ጉዳይ ይጠናቀቅ። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች የዚህ ዘመን ፒክአፖች የተመዘገቡት በሞተር ቁጥራቸው ነው፤ አሮጌው ሞተር ተሽጦ ከሄደ በኋላ የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከመኪናው ጋር እንደማይገናኝ ማወቅ ትልቅ ራስ ምታት ነው። በኢትዮጵያም ሊብሬው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ስለሚይዝ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ሰው ስለ ሞተር ለውጥ ምዝገባ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። የጭስ ምርመራን በተመለከተ፣ በካሊፎርኒያ የ1975 ሞዴልና ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪኖች ከመደበኛው ምርመራ ነጻ ናቸው።

ቀጥሎ ልኬት ይወሰዳል፤ የዚህ ሥራ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነውም እዚህ ላይ ነው። መኪናው አሮጌው አክስል እንዳለ በደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ይቆማል። ከፊት ጎማው መሃል ቱንቢ ተጥሎ ወለሉ ላይ ነጥብ ይደረጋል፤ ይኸው መስመር ወደ ሻንሲው ጎን ተወስዶ በሹል ብረት ይመታል፤ በጠመኔ ብቻ የተሠመረ ምልክት ሻንሲው ሲጸዳ ስለሚጠፋ አይበቃም። በሌላው ወገንም እንዲሁ ይደረጋል። ከፊት ነጥብ እስከ ኋላ አክስል መሃል ያለው ርቀት 116 ኢንች፣ ማለትም 2.95 ሜትር ገደማ መሆን ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ጎማው በፓራፋንጎው ቅስት ውስጥ መሃል ላይ መዋሉን በዓይን ማመሳከር ይጠቅማል፤ ፓራፋንጎው ተፈትቶ የተሠራ መኪና ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ጎማው ወደ ኋላ ያፈገፈገ ሊመስል ይችላል።

መኪናው በመጨረሻ የሚኖረው አቋምም አሁን ይወሰናል። ሻንሲው ፊቱ በትንሹ ዝቅ እንዲል ከተፈለገ ያ ዘንበል በአራት መቆሚያዎች ላይ ተስተካክሎ ከዚህ በኋላ አይነካም፤ የአዲሱ አግዳሚ ዝንባሌ የሚለካው ከሻንሲው ሳይሆን ከወለሉ ነውና።

ሻንሲውን ማጠናከር

የፊት አካሉ ተፈትቶ አሮጌው አክስል፣ ባሌስትራውና የመሪው ሳጥን ከወጡ በኋላ ሻንሲው ክፍት ጎን ያለው ባለ ሦስት ገጽ ብረት ሆኖ ይታያል። ባሌስትራው ጭነቱን በረጅም ርቀት ያከፋፍለው ነበር፤ አዲሱ ሰስፔንሽን ግን ክብደቱን ሁሉ በአንድ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ ክፍቱ ጎን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ላሜራ መዘጋት አለበት። ላሜራው ቢያንስ ከአግዳሚው ፊትና ኋላ አልፎ እንዲሄድ፣ ጫፉም ቀጥ ብሎ ከሚቆረጥ ይልቅ በሰያፍ እንዲያልቅ ይደረጋል፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጫፍ ሻንሲው የሚሰነጠቅበትን ቦታ ይፈጥራል።

ብየዳው በአንድ ትንፋሽ አይሄድም። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ተበይዶ ወደ ሌላው ጎን፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ እየተዘዋወረ፣ ብረቱ በራሱ ጊዜ እንዲቀዘቅዝ እየተተወ ይሠራል። የሻንሲው ሁለት ሰያፍ ርዝመቶች ከብየዳው በፊትም በኋላም ይለካሉ፤ ልዩነታቸው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ሻንሲው ተጣሟልና ሳይታረም ወደፊት መሄድ ዋጋ የለውም።

አግዳሚውን ማስቀመጥ

አዲሱ አግዳሚ መሃሉ ላይ ምልክት ይደረግበትና ሻንሲው ላይ ከተመታው ነጥብ ጋር ይገጣጠማል። ለዚህ መኪና ተብለው የሚሸጡ ስብስቦች ከጎማ ማያያዣ እስከ ጎማ ማያያዣ 56.5 ኢንች፣ ማለትም 143.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ከመግዛት በፊት ግን ይህን ስፋት ከቸርኬውና ከፓራፋንጎው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የሻጩ መመሪያ የአግዳሚውን የአቀማመጥ ማዕዘን ይናገራል፤ በውሃ ልክና በማዕዘን መለኪያ ግራና ቀኙ አንድ እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል። የታችኛውን ብራቾ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ረጅም ዘንግ የሌለበትን፣ በሁለት እግር አግዳሚውን የሚይዘውን ዓይነት መምረጥ ለፒክአፕ ይሻላል። የሙስታንግ 2 የመጀመሪያው የፍሬን ዲስክ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነም 28 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ትልቁን ዲስክ መውሰድ ተገቢ ነው። ያረጁት ቸርኬዎች ባለ ስድስት ብሎን ሲሆኑ የሙስታንጉ ንድፍ ባለ አምስት ብሎን ነው፤ ስለዚህ የኋላው አክስል ሲመረጥ የብሎኑ አደራደር ከፊቱ ጋር እንዲመሳሰል ይታሰብበት።

በዚህ ደረጃ ሞላውን ማስገባት አያስፈልግም። በአሞርዛተሩ ቦታ ልክ ርዝመቱ ተለክቶ የተቆረጠ ጠንካራ ብረት ይገባና የታችኛው ብራቾ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ እንዲቆም ይደረጋል። መኪናው ሙሉ ክብደቱን ተሸክሞ የሚቆመው በዚህ ከፍታ ስለሆነ ጎማ ተገጥሞለት በዓይን ሊታይ፣ መሪው ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው ተዙሮ ጎማው የሚነካው ነገር መኖሩ ሊፈተሽ ይችላል። የመሪው ጥርስ ዘንግ ከፍታም አሁን ይመረመራል። የዘንጉ የውስጥ መጋጠሚያዎች ከብራቾዎቹ የውስጥ መጋጠሚያዎች መስመር ከወጡ ጎማው ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር በራሱ ይዞራል፤ ሾፌሩም መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ መኪናው ሲዋልል ያያል። ሞላው የሚመረጠው በመጨረሻ፣ የሞተሩ ክብደት ታውቆ ነው።

ሞተሩን ቦታ ማስያዝ

ራዲያተሩ፣ ማራገቢያውና ኮፈኑ ለጊዜው ተመልሰው ይገጠማሉ። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር ተያይዞ በማንሻ ይገባና በእንጨትና በክሪክ ይደገፋል። ወደ ኋላ የሚገፋው ከጀርባው ያለው ግድግዳ እስከፈቀደ ድረስ ነው፤ ክብደቱ ወደ ኋላ በሄደ መጠን መኪናው ይሻላል፣ ለማራገቢያውም ቦታ ይተርፋል።

ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ይጋጫሉ። የመጀመሪያው የዘይት ቋቱ ነው። የፒክአፑ ቋት ጥልቅ ስለሆነ ከሻንሲው በታች ተንጠልጥሎ ድንጋይ የሚነካ ይሆናል፤ ስለዚህ ከ1998 እስከ 2002 በሼቭሮሌት ካማሮ መኪና ላይ የነበረው ዓይነት ጥልቀቱ ያነሰ ቋት ከራሱ የዘይት መምጠጫ ቱቦ ጋር ይቀየርለታል። መምጠጫ ቱቦው ከፓምፑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንድ ትንሽ የጎማ ቀለበት አለች። እርሷ ዘይት ተቀብታ ቀጥ ብላ ካልገባችና ከተቆነጠጠች ፓምፑ አየር ይስባል፣ ውድ ሞተርም በዘይት ግፊት እጦት ይበላሻል። ሁለተኛው ግጭት በግራ በኩል በመሪው ዘንግና በጭስ ማውጫው መካከል ነው። ዘንጉ በሁለት ክሮቼራ (ዘንግ በማዕዘን እንዲዞር የሚያስችል መጋጠሚያ) ማለፍ ከቻለ መልካም ነው፤ ሦስት ካስፈለገ መሃሉ ላይ ሻንሲውን የያዘ ደጋፊ ኩሽኔት የግድ ይሆናል፣ አለበለዚያ ዘንጉ ራሱ ይዋልላል። የአንዱ ክሮቼራ ማዕዘን ከ30 ዲግሪ እንዳይበልጥ ማድረግ ይገባል።

የሞተሩ ኋላ በ3 ዲግሪ ዝቅ እንዲል ከተደረገ የዲፈረንሻሉ አፍ በዚያው ልክ ወደ ላይ ይቀናል፤ የፊትና የኋላ ክሮቼራዎች ማዕዘን እኩልና ተቃራኒ ሲሆን መኪናው አይንቀጠቀጥም። እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይመጣል። እስከ 1954 የተሠሩት መኪኖች ትራስሚሲዮናቸው (ከካምቢዮ ወደ ኋላ አክስል ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ) በቱቦ የተሸፈነ ስለሆነ ከአዲሱ ካምቢዮ ጋር ስለማይገናኝ፣ የኋላው አክስል በሙሉ በክፍት ትራስሚሲዮን በሚሠራ መቀየሩ አይቀርም።

ሁሉም ነገር በቦታው ሲረጋ የሞተሩ መያዣዎች በነጥብ ብየዳ ይያዛሉ፤ ሞተሩ ይወጣል፤ ልኬቱ አንድ ጊዜ እንደገና ይረጋገጥና አግዳሚውና መያዣዎቹ ሙሉ በሙሉ ይበየዳሉ። ይህን ብየዳ የመኪናው ደህንነት የሚንጠለጠልበት ስለሆነ ልምድ የሌለው ሰው ለሠለጠነ በያጅ ይስጠው።

ፍሬን፣ ነዳጅ፣ ኤሌክትሪክ

የፍሬን ዋናው ፓምፕ ሁለት ክፍል ባለው ይተካል። በቀድሞ ቦታው፣ ከወለሉ ሥር ከተቀመጠ ከዲስክ ፍሬኖቹ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በፊት መስመር ላይ የ2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ በኋላ መስመር ላይ ከበሮ ካለ የ10 ፒኤስአይ የግፊት መያዣ ቫልቭ ይገባል።

ከ1949 ወዲህ የነዳጅ ታንኩ በጋቢናው ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ ነበር። አዲሱ ሞተር 58 ፒኤስአይ ግፊት ይጠይቃል፤ በዚህ ግፊት የሚሠራ ነዳጅ ከሰው ጀርባ ማስቀመጥን አልመክርም። ውስጡ ፓምፕ ያለው ታንክ ከጭነቱ ወለል ሥር፣ በሻንሲው መሃል ቢቀመጥ ይሻላል።

ኤሌክትሪኩ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ይቀየራል፤ አምፖሎቹና መለኪያዎቹም አብረው ይታሰባሉ። የሞተሩ ኮምፒውተር ካምቢዮውንም ስለሚያዝ ከሞተሩ ጋር ከአንድ መኪና አብሮ መግዛት ይመከራል። ቀደምቶቹ ዓመታት የነዳጅ መስጫቸው በብዛት በገመድ ሲሆን ከ2003 ወዲህ በብዛት በኤሌክትሪክ ነው፤ የኋለኛው ከተመረጠ ፔዳሉና መቆጣጠሪያው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገጣጠሙ መሆን አለባቸው። የስርቆት መከላከያው ፕሮግራም ካልተነሣ ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። ኮምፒውተር ተበላሸ ተብሎ የሚደከምበት ብዙ ችግር ምንጩ የመሬት ሽቦ ስለሆነ፣ ከሞተር ወደ ሻንሲ፣ ከሻንሲ ወደ ጋቢና ወፍራም ሽቦ ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ ብረት ላይ ይታሰራል።

ከቴስታታዎቹ (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያሉት የሞተሩ ክዳኖች) ፊት የሚወጣው ቀጭን የእንፋሎት ቱቦ አይደፈን፤ ወደ ራዲያተሩ ላይኛ ክፍል ይገናኝ። ከተደፈነ አየር በቴስታታው ውስጥ ይታፈንና መለኪያው ሳያሳይ ሞተሩ ይግላል።

ማስነሣትና ማስተካከል

ከመጀመሪያው ማስነሣት በፊት ነዳጁና ብልጭታው ተቋርጦ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነቃነቅ ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ ይዞራል። ቀጥሎ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ የነዳጅ መስመሩ መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ በእጅ ይዳሰሳሉ፤ የእሳት ማጥፊያ በቅርብ ይኑር። በብረቱ ቦታ እውነተኛው ሞላና አሞርዛተር የሚገባው መኪናው ሙሉ ክብደቱን ሲይዝ ነው፤ ብራቾው አሁንም ትይዩ ሆኖ ካልቆመ ሞላው ይቀየራል እንጂ አይቆረጥም።

የጎማው አላይመንት ሲሠራ ካስተሩ (የመሪ መዞሪያው መስመር ከጎን ሲታይ ያለው ዘንበል) ከ2 እስከ 4 ዲግሪ አዎንታዊ፣ ካምበሩ (ጎማው ከፊት ሲታይ ያለው ዘንበል) ከዜሮ እስከ ግማሽ ዲግሪ አሉታዊ፣ የጎማዎቹ የፊት ጠበብ ማለት ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን መነሻው ጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በዝግታና በቅርብ ርቀት ይሁኑ፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ የብራቾ፣ የመሪና የሞተር መያዣ ብሎኖች በልክ መፍቻ እንደገና ይጠበቃሉ፣ የብየዳው መስመሮችም ታጥበው በመብራት አንድ በአንድ ይታያሉ፣ አላይመንቱም ሞላው ከተቀመጠ በኋላ ዳግም ይለካል።