ክትባት ክፍል ለምትመደቡ፦ መጀመሪያ የራሳችሁን ሳል

ባሕር ዳር ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል የሚመደቡ አዳዲስ ነርሶች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ፍሪጁ ነው። ፍሪጁ ቀላል ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ጠዋትና ማታ መመዝገብ፣ አለቀ። እኔ የምጠይቃቸው ሌላ ነው፦ እናንተስ የትክትክ ክትባት አላችሁ?

«በልጅነቴ ወስጃለሁ» የሚለው መልስ አያጠግበኝም። የልጅነቱ ክትባት ከዓመታት በኋላ ይደክማል፤ በሽታው ራሱ ይዟችሁ ቢያውቅም ዕድሜ ልክ አይጠብቃችሁም። አዋቂን ሲይዝ ከሳሉ በኋላ አየር ሲሳብ የሚወጣው ያ የታወቀው የሲር ድምፅ ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ ሳምንታት የሚቆይ ሳል ብቻ ይሆናል። «የጣና ንፋስ መታኝ» ትሉና ዝንጅብል በሻይ እየጠጣችሁ ሥራ ትገባላችሁ።

እኔን የሚያስፈራኝ የ45 ቀኑ ልጅ ነው። ትክትክንም የሚከላከለው አምስት በአንዱ ክትባት የሚጀመረው ያኔ ነው፤ ቀጣዮቹ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ናቸው። እናቱ ከነጠላዋ ውስጥ አውጥታ ጭኑን ስትይዝላችሁ ፊታችሁ ከፊቱ ክንድ አይርቅም፤ ልጁ ደግሞ ገና የትክትክ ክትባት የለውም። እንዲህ ያለ ጨቅላ ላያስል ሁሉ ይችላል፤ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል።

ካርዳችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። በእርግዝና ጊዜ የወሰዳችሁት ቲዲ የመንጋጋ ቆልፍና የዲፍቴሪያ ነው፤ ትክትክ የለበትም። ብዙ ባለሙያ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ለአዋቂ ትክትክን የሚጨምረው ቲዳፕ ነው፤ አንድ መርፌ፣ ክንድ ላይ። በመደበኛው ፕሮግራም የምናገኘው ቲዲን ስለሆነ ቲዳፕን በግል ማፈላለግ ይጠይቃል። የሕፃናቱን ብልቃጥ ከፍሪጅ አውጥቶ ራስን መውጋት ግን የለም፤ ለአዋቂ አልተሠራም።

እስክታገኙት ድረስ፣ ሳል የጀመረው ማስክ ያድርግ፤ መርፌውን ለሌላ ሰጥቶ መዝገብ ይሙላ፣ እሱንም ከእናቶቹ ራቅ ብሎ። ሁለት ሳምንት ካለፈው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ያድርግ። ትክትክ ነው ከተባለ ሐኪሙ እንደ አዚትሮማይሲን ያለ መድኃኒት ያዝዛል፤ ከጀመረ 5 ቀን ሳይሞላው ሥራ አይግባ። መድኃኒት ካልወሰደ ሳሉ ከጀመረው 21 ቀን ይቆያል።

ወደ ደቅ ደሴት ለክትባት ስትወጡም ያው ነው። ጀልባው ላይ ከአራስ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የምትቀመጡት። ኃላፊው «ሰው የለንም» ቢል እንኳ፣ የሚያስለውን ትቶ አንድ ሰው ጎድሎ መሄድ ይሻላል።